የውኃ ማለስለሻው ሲቆም ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ቤት የሚሠራ ሰው ከቦይለሩና ከውኃ መግፊያው ሞተር ጋራ አንድ ሌላ ዕቃ ደርቦ መግዛት ጀምሯል። ይኸውም የውኃ ማለስለሻ የሚባለው ሲሆን፥ ሻጩም ገዢውም «ሶፍትነር» እያሉ ይጠሩታል። (በከተማችን «ለስላሳ» ያልን እንደ ሆነ አስተናጋጁ ጠርሙስ ይዞ ስለሚመጣ፥ የውጭው ስም ቢለመድ አያስደንቅም።) መሣሪያው በተገዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሥራውን ሲያቆም ባለቤቱ ወደ ሻጩ ይሄዳል፤ የሚሰማውም መልስ ብዙውን ጊዜ «ይህ አብቅቶለታልና አዲስ ይግዙ» የሚል ነው። በዚህ መልስ ላይ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ የአንባብያንን ፈቃድ እጠይቃለሁ። እኔ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም፤ በላንቻ የሚገኝ የአንድ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን የዋጋ ማቅረቢያው፥ የባንኩ ደብዳቤና የደንበኛው አቤቱታ በአንድነት የሚያልፉት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ስለ ሆነ፥ ነጋዴውና ሸማቹ በየፊናቸው የማያዩት ነገር ለጸሐፊው ይታየዋል።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃ በዐለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉትን ማዕድኖች አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። እነዚህ የበዙበት ውኃ ጠንካራ ይባላል፤ ሳሙና ሲፈገፈግበት አረፋ አይሰጥም፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ በቦይለሩ ሬዚስታንስ ላይም እንደ ኖራ ተለጥፎ ሙቀቱን ስለሚያግደው በከንቱ መብራት ያስፈጃል፥ በመጨረሻም ሬዚስታንሱን ያቃጥለዋል። ማለስለሻው በሆዱ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ ድቃቅ እንክብሎች ይዟል። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመው ይጠብቃሉ፤ ጠንካራው ውኃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይዘው ያስቀሩና በምትኩ ሶዲየማቸውን ይለቃሉ። የተሸከሙት ሲያልቅባቸው ደግሞ ከጎን ካለው በርሜል የጨው ውኃ ተስቦ ይታጠቡበታል፤ ካልሲየሙ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል፥ ሬዚኑም እንደ ገና ለሥራ ይዘጋጃል። ነገሩ አዲስ ጥበብ አይደለም። አዳምስና ሆልምስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እንዲህ ያለውን ሬዚን በሰው እጅ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩት በ1935 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ምንም እንኳ በመብራትና በቁልፎች አጊጦ ቢመጣ፥ በመሠረቱ አንድ የሬዚን ጋን፥ አንድ የጨው በርሜልና በላዩ የተቀመጠ አንድ ቫልቭ ነው። በየጊዜው የሚያልቀው ጨው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ቫልቩ ነው፤ ሬዚኑ ካልተበደለ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሦስት ዓመት አረጀ ሲባል መጠራጠር ይገባል።

ሰፈራችን ላንቻ ስሙን ያገኘው ከኢጣሊያኑ የላንቻ የመኪና ፋብሪካ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ጎሚኒው ስላረጀ ካሚዮኑን የሚጥል ሰው ታይቶ ያውቃልን? ባለካሚዮኑ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫውን ይፈልጋል፤ እዚያ ቢያጣ ምናለሽ ተራ ይገባል፤ ከዚያም ቢያጣ ለቶርኖ ሠራተኛ ሰጥቶ ያስቀርጻል። ያው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባና ማለስለሻው ቆሞ ሲያገኘው ግን የአዲሱን ዋጋ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው ገንዘብ ተርፎት አይደለም። ለካሚዮኑ ብሎንና ጎሚኒ የሚያመጣለት ነጋዴ ስላለ፥ ለማለስለሻው ግን ስለሌለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማለስለሻው ቆመ ሲባል በእርግጥ የተበላሸው እሱ መሆኑን መመርመር ያሻል። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ውኃ ሌሊትና ቀን በግፊት ለሚመጣላቸው አገሮች ነው። የኛ ከተማ ውኃ ግን ለብዙው ሰፈር በፈረቃ የሚደርስ ነው። መሣሪያው ራሱን እንዲያጥብ ከፋብሪካው የሚሞላለት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ የሚተኛበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሌሊት ፈረቃው የሌላ ሰፈር ከሆነና ሞተሩም ከጠፋ፥ የጨውን ውኃ ከበርሜሉ የሚስብ ኀይል አይኖርም። ምክንያቱም ጨዉን የሚስበው ኤሌክትሪክ ሳይሆን፥ በቫልቩ ውስጥ ባለች ኢንጀክተር በምትባል ጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት የሚያልፈው ውኃ ራሱ ነው። ለዚህም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ወደ 1.5 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋሉ። ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነውና፥ በጣራ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ከመሣሪያው በላይ አምስት ሜትር ቢርቅ የሚገኘው ግማሽ ባር ብቻ ነው። ሰዓቱ ይዞራል፥ ሞተሩ ያንሾካሹካል፥ ውኃም ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ይሰማል፤ ጨው ግን አይሳብም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በበርሜሉ ያለው ጨው ወር ቢቆይም አይቀንስም።

አሁን የሚያሳዝነውን ልናገር። ይህ ሰው አዲስ መሣሪያ ገዝቶ በዚያው ቧንቧ ላይ ያስገጥማል። አዲሱም ይሠራለታል፤ ሳሙናው ያረፋል፥ ሻጩም ይመሰገናል። ነገር ግን አዲስ ሬዚን ከፋብሪካው የሚመጣው ሶዲየሙን ተሸክሞ ነው፤ ስለዚህ እስኪያልቅበት ድረስ ማናቸውም አዲስ መሣሪያ ሳይታጠብ ይሠራል። ሒሳቡን እንመልከት። 25 ሊትር ሬዚን ያለው መሣሪያ በያንዳንዱ ሊትር 50 ግራም ያህል ማዕድን ይይዛል ብንል በጠቅላላው 1,250 ግራም ይሆናል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ማዕድን 200 ሚሊግራም ከሆነ፥ መሣሪያው የሚያለሰልሰው ወደ 6,000 ሊትር ነው። በቀን 600 ሊትር ለሚያወጣ ቤተሰብ ይህ ዐሥር ቀን ነው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ውኃው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ግን ዕቃው አዲስ ስለ ሆነ አይጠረጥረውም። የሚጠረጥረው የሚቀጥለው ሬዚስታንስ ሲቃጠል ነው።

በአለቃዬ ቤት የሆነው ይህን የመሰለ ነው። የቦይለሩ ሬዚስታንስ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቃጠለባቸውና ማለስለሻውን የሸጠላቸውን ድርጅት ጠሩ፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። የመጣው ሠራተኛ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት የላይኛው ቫልቭ እንደ ሞተ፥ ቫልቩም ለብቻው እንደማይሸጥ ተናግሮ የአዲሱን ዋጋ ጽፎ ሄደ። ወይዘሮዋ ግን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት በሰፈሩ የሚታወቁትን አንድ ሸምገል ያሉ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩ። ሰውየው መጀመሪያ ያዩት የጨዉን በርሜል ነው።

«እሜቴ፥ ጨው የጨመሩት መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልጨመርንም፥ ጋሼ። ሞልቶ አይደል እንዴ የሚታየው?»

«እንግዲያውስ ቀምሶትም አያውቅ።»

ጊዜው ሐምሌ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአንድ እጥበት ሦስት ኪሎ ያህል ጨው መጨረስ ይገባዋል። ሽማግሌው ቫልቩን ፈተው የባቄላ ፍሬ የምታህለውን ኢንጀክተር አወጡ፤ ቀዳዳዋ በዝገትና በደቃቅ አሸዋ ተደፍኗል። በለስላሳ እንጨት ጠርገው በኮምጣጤ አጠቧት። አንድ ጎሚኒም ተሰንጥቆ አገኙ፤ ማለስለሻ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱም ስላልነበረው፥ በመጨረሻ በልኩ የተገኘው ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው። የእጥበቱንም ሰዓት ሞተሩ ወደሚሠራበት ወደ ጧት አዞሩት። የጠየቁት የእጅ ዋጋ አዲሱ መሣሪያ ከተጠየቀበት ጋራ ሲነጻጸር ለመናገር ያሳፍራል።

ዝገቱ ከየት መጣ ቢባል ከፈረቃው ነው። ቧንቧ ብዙ ቀን ባዶውን ቆይቶ ውኃ ሲለቀቅበት የመጀመሪያው ውኃ ጠላ መስሎ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ብረት ሬዚኑንም ይሸፍነዋል። ከመሣሪያው በፊት አንድ ተራ ማጣሪያ ማስገባትና የመጀመሪያውን ውኃ አፍስሶ መጣል ብዙ ጥገና ያድናል። መብራት ሲጠፋም የአንዳንዱ መሣሪያ ሰዓት ይዛባና ቤተሰቡ ገላውን በሚታጠብበት ሰዓት እሱም መታጠብ ይጀምራል፤ ይህም ሰዓቱን በማስተካከል የሚድን ነው።

ስለ ጨውም አንድ ነገር ልጨምር። የገበታ ጨው እጅግ የደቀቀ ስለ ሆነ በበርሜሉ ውስጥ እንደ ጣራ ይጋገርና ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ከላይ የሚያይ ሰው ሞልቷል ይላል። መድኃኒቱ የመጥረጊያ እንጨት ነው። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት የደናክሉ አሞሌም ለከብት የከበረ ቢሆንም አፈር ስለማያጣ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ከአፋር ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ግን ታጥቦ፥ ደርቆና ጠጠር ጠጠር ሆኖ ቢቀርብ ለዚህ መሣሪያ ከውጭ ጨው የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ሥራ የሚይዝ ነጋዴ እንዲነሣ እመኛለሁ።

ከመጠገንም ከመለወጥም በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው ለዚያ ቤት ያስፈልጋልን? የሚል ነው። የአዲስ አበባ ውኃ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ከለገዳዲ፥ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የተጠራቀመ የዝናብና የወንዝ ውኃ ስለ ሆነ ማዕድኑ ጥቂት ነው። ከአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች የሚሳበው በዐለት ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየ በመሆኑ ማዕድኑ ይበዛል። የራሳቸውን ጕድጓድ ያስቆፈሩ ሆቴሎችና ሕንፃዎችም አሉ። ደግሞም ከምድር የወጣ ውኃ ሁሉ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ ከተማችን የተቈረቈረችበት ፍል ውኃ ከካልሲየም ይልቅ ሶዲየም የሚበዛበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ ሰዎች ማለስለሻቸውን ነቅለው ወስደው ከሆነ፥ መሣሪያው ያለው በቀድሞው ውኃ ልክ ተሞልቶ ነውና በአዲሱ ሰፈር ውኃ እንደ ገና መሞላት ይኖርበታል፤ አለዚያ ወይ ጨው ያባክናል፥ ወይ ሥራውን አይሠራም።

መመርመሪያው ውድ አይደለም። የልብስ ሳሙና ተፍቆ በጥቂት የዝናብ ውኃ ይሟሟል፤ ከዚያ ጥቂት ጠብታ በግማሽ ጠርሙስ የቧንቧ ውኃ ላይ ተጨምሮ ይናጣል። አረፋው ከቆመና ውኃው ጥርት ካለ ማዕድኑ ጥቂት ነው፤ አረፋ እምቢ ብሎ እንደ አሬራ ከደፈረሰ ብዙ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ በጠንካራ ውኃም ስለሚያረፋ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ለመሣሪያው መሙያ የሚሆን ትክክለኛ ቍጥር የሚፈልግ ሰው በጠብታ የሚለካውን ትንሽ ዕቃ ይግዛ፤ ማለስለሻ የሚሸጥ ሁሉ ይህን መለኪያ በሱቁ ሊይዝ በተገባው ነበር። የደንበኛውን ውኃ ሳይለካ ማለስለሻ የሚሸጥ ሰው እግር ሳይለካ ጫማ እንደሚሸጥ ነው።

ሁልጊዜ ይጠገን ማለቴ አይደለም። ጋኑ ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ በግፊት የሚሠራ ዕቃ ስለ ሆነ በማጣበቂያ አይታመንም። ሬዚኑ ለብዙ ዘመን ክሎሪን ሲያልፍበት ኖሮ በጣት ሲታሽ እንደ ፍትፍት የሚላላ ከሆነም ዘመኑ አልቋል፤ ነገር ግን የሚለወጠው ሬዚኑ ነው እንጂ ጋኑ አይደለም። የቫልቩ አካል ከተሰበረ ደግሞ ቫልቩ ብቻ ይለወጥ። የብዙዎቹ የቤት መሣሪያዎች የጋን አፍ 2 ተኩል ኢንች የሆነ አንድ ዐይነት ጥርስ ስላለው፥ የአንዱ ፋብሪካ ቫልቭ በሌላው ጋን ላይ ይገጥማል። ስለዚህ «ቫልቩ ለብቻው አይሸጥም» የሚለው ቃል የነጋዴው ፈቃድ ነው እንጂ የመሣሪያው ጠባይ አይደለም።

ወደ ራሳችን ወደ ነጋዴዎቹ ልመለስ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሙሉ መሣሪያ በከንቱ በተለወጠ ቍጥር የሚባክነው የሸማቹ ብር ብቻ አይደለም። በኮንቴይነር የሚጫን ማለስለሻ አብዛኛው አካሉ ባዶ ጋንና ባዶ በርሜል ነው፤ ለአየር የመርከብ ኪራይ እንከፍላለን። ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሬዚን ግን የአንድን ቤት መሣሪያ እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ የመቶ ቤት ኢንጀክተርና ጎሚኒም በአንድ የጫማ ካርቶን ይገባል።

በዚህ ላይ ከነጋዴዎች የሚቀርበውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ በጆሮዬ የምሰማው ነውና። መለዋወጫ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ያስራል፤ የመሣሪያው ዐይነት ብዙ ስለ ሆነ የቱ እንደሚፈለግ አይታወቅም፤ ትርፉም ከሙሉ ዕቃ ያንሳል ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ዐይነቱ የበዛው እኛው በየጊዜው ርካሽ ያልነውን ከየፋብሪካው ስለምናመጣ ነው። አንድ አስመጪ ሁለት ዐይነት ቫልቭ ብቻ መርጦ በዚያ ቢጸና መደርደሪያው አይጨናነቅም። ትርፉን በተመለከተም፥ መሣሪያው የሚሠራለት ሰው በየወሩ ወደ ዐሥር ኪሎ የሚጠጋ ጨው ይገዛል፥ ማጣሪያ ይለውጣል፥ ባለሙያ ይጠራል። መሣሪያው የቆመበት ሰው ግን ሁለተኛ ከተታለለ በኋላ ነቅሎ በጓሮ ይጥለዋል፤ ለጎረቤቱም «ይህ ነገር ለኛ አገር አይሆንም» ይላል። በዚህ ዐይነት ገበያው ሳያድግ ይሞታል።

ሻጮች የሚናገሩትንም ነገር ቢጠነቀቁበት መልካም ነው። ማለስለሻ ጀርም አይገድልም፥ የደፈረሰ ውኃንም አያጠራም። ከዚህ የከፋው፥ ጥርስን ስለሚያበልዘው ፍሎራይድ ለሚጨነቁ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች፥ ለምሳሌ ለወንጂና ለዝዋይ አካባቢ ደንበኞች፥ ይህን መሣሪያ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ነው። የማለስለሻው ሬዚን ፍሎራይድን አይዝም፤ ለዚያ የአጥንት ከሰል ወይም አሉሚና የመሰለ ሌላ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ደግሞም 200 ሚሊግራም ማዕድን የነበረው ውኃ ሲለሰልስ በሊትር 90 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨመርበታል። ሐኪም ጨው የከለከለው ሰው በቤቱ ካለ ለማድቤቱ አንድ ያልለሰለሰ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ መተው ይገባል፤ ይህ በመጀመሪያው ቀን ቢነገር አንድ ቲና አንድ ሜትር ቧንቧ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የእጥበቱ ጨዋማ ፍሳሽም ወደ ጌሾው ወይም ወደ ጤናዳሙ እንዳይሄድ ማስጠንቀቅ ያሻል።

በደረሰኙ ላይ የሬዚኑ ሊትር፥ መሣሪያው የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት፥ በገባበት ቀን የተለካው የውኃው ማዕድንና የቫልቩ ዐይነት ቢጻፉ አራት መስመር አይሞሉም። ማናቸውም ጠጋኝ ያንን አይቶ ሥራውን መጀመር ይችላል። ንግድ ምክር ቤቱ በዚህ ዘርፍ ያሉትን አባሎቹን ሰብስቦ በዚህ ቅጽ ቢያስማማቸው ለማንም የሚከብድ ወጪ የለበትም።

አለቃዬ ለሚቀጥለው ጭነት ያዘዙት መጀመሪያ አርባ ሙሉ መሣሪያ ነበር። ከሐምሌው ነገር በኋላ ሌላ ረቂቅ እንዳዘጋጅ ነገሩኝ፤ መሣሪያው ወደ ሃያ አምስት ዝቅ ብሎ በቀረው ገንዘብ ሬዚን፥ ቫልቭ፥ የጎሚኒ ስብስብና የውኃ መለኪያ እንዲገባበት ጽፌ አቅርቤያለሁ። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ሁለቱም ወረቀቶች በጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፤ በአንዱም አልፈረሙም።